ግዴታው የማን ይሁን? ስለ ጨቅላ ሕፃናት የተረከዝ ደም ምርመራ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። የጻፈችው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የምትኖር እናት ናት። የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች 18 ቀኗ ነው። ጤና ጣቢያ በሰላም ተገላገለች፤ በማግስቱ ጠዋት ወደ ቤቷ ገባች። እህቷ ደግሞ አምና አሜሪካ ወልዳለች። እዚያ የልጁን ተረከዝ ወግተው ደም ወሰዱ፣ ጆሮውንም መረመሩት። «እኛ ጋ ለምን ግዴታ አይሆንም? ባለቤቴ ጤነኛ ልጅ ለምን ይወጋል ይላል። አማቴም ከሱ ጋር ናቸው። በሙያዎ ምን ይላሉ?» ብላ ትጠይቃለች። መጨረሻ ላይ እንዲህ ጨምራለች፦ «ልጄ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው። ዓይኑ ትንሽ ቢጫነት አለው እንጂ በጣም ጨዋ ነው። ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ለጡት እንኳ የምቀሰቅሰው እኔ ነኝ።»

እህቴ፣ በድሬ ልማድ አንቺ ልበልሽ።

ስለ ሕጉ ከማውራቴ በፊት መጨረሻ ላይ የጻፍሽውን ላንሳ። ከጥያቄው ይልቅ እሱ አሳስቦኛል። በ18 ቀኑ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ልጅ ደሙ መታየት አለበት። አትደንግጪ፣ ብዙ ጊዜ ምንም አይገኝም። ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ቢጫነቱ ሦስት አራት ሳምንት ሊቆይበት ይችላል፤ ከዚያ ራሱ ይለቀዋል። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት ያለፈ ቢጫነት ሁለት ነገሮችን ሊደብቅ ይችላል። አንደኛው የሐሞት ቱቦ መዘጋት ነው። የልጅሽን ሰገራ ተመልከቺ። ነጣ ብሎ ሊጥ ወይም ኖራ ከመሰለ፣ ሽንቱም ጨርቁን የሚያቀልም ከሆነ፣ አንድ ቀን አታሳድሪ። ለዚህ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ይበልጥ የሚያዋጣው ልጁ 60 ቀን ሳይሞላው ሲሠራ ነው። ሁለተኛው የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት ነው፤ አንገት ላይ ያለ ዕጢ የሚያመነጨው፣ አእምሮ ለማደግ የሚያስፈልገው ሆርሞን ማለት ነው። እንግዲህ አንቺ በሌላ በኩል ስለ እሱ ነው የጠየቅሽኝ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ልጁን ይዘሽ የሕፃናት ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ሂጂ። ቢሊሩቢን፣ ማለትም ዓይኑን ቢጫ የሚያደርገው ነገር በደሙ ውስጥ ስንት እንደሆነ የሚለካው ምርመራ፣ ይታዘዝለት፣ ጠቅላላውም ቀጥተኛውም። ቲኤስኤች እና ኤፍቲ4 የሚባሉት የታይሮይድ ምርመራዎችም አብረው ይታዘዙለት። «የወፍ በሽታ ነው፣ ፀሐይ ይሙቅ» የሚልሽ ይኖራል። የድሬ ፀሐይ ለአራስ ልጅ መድኃኒት አይደለም። ውሃውን ያደርቀዋል፣ ቆዳውን ይለበልበዋል፤ ከሁሉ የባሰው ደግሞ «እያከምኩት ነው» ብለሽ እንድትዘናጊ ያደርግሻል።

«ጨዋ ልጅ» የሚለው ቃል ለምን እንዳስደነገጠኝ ልንገርሽ።

ከዓመታት በፊት ከሐረር ወዲህ ካለ የገጠር ቀበሌ አንዲት እናት የአምስት ወር ልጅ አምጥታ ነበር። የመጣችው ሆድ ድርቀት አስቸግሮት ነው። አልጋው ላይ አስተኛችው፤ እንዳስተኛችው ቀረ። እጁን አላወራጨም። ምላሱ ወፈር ብሎ ከአፉ ወጥቷል። እምብርቱ አብጧል፤ እናቱ ሳንቲም አድርጋ በጨርቅ አስራበታለች። ጊዜው ግንቦት ነው። እኔ ልብሴ በላብ ረጥቧል፣ የልጁ ቆዳ ግን ቀዝቃዛና ሸካራ ነበር። ሲያለቅስ ድምፁ ጎርናና ነው፣ የአዋቂ ሰው ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ከዚያ በፊት ሁለት ቦታ ታይቶ ቫይታሚን ተሰጥቶት ተመልሷል። ሰፈር ሙሉ ያመሰግናት ነበር፦ «የታደልሽ፣ የማያለቅስ ልጅ ሰጠሽ» እያሉ።

የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ የሚለው ቲኤስኤቹ መለኪያው ከሚያነበው በላይ ነበር። በዚያው ቀን የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ ክኒን ጀመርንለት። በሦስተኛው ሳምንት ስትመለስ «ዶክተር፣ አሁንማ ሌሊቱን ሙሉ አያስተኛኝም» አለችኝ፤ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ነበር። ልጁ ዞሮ አየኝ። ግን እህቴ፣ አምስት ወር አምልጧል። የሰው አእምሮ በእነዚያ ወራት የሚሠራውን ሥራ በኋላ ተመልሶ አይሠራም። ልጁ ዘግይቶ ሄደ፣ በጣም ዘግይቶ ተናገረ፤ ትምህርት ቤትም ከእኩዮቹ እኩል መራመድ አልቻለም። ያ ክኒን በሁለተኛው ሳምንት ተጀምሮለት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዛሬ ከማንም ልጅ የማይለይ ተማሪ ይሆን ነበር። ይሄን ሳስብ አሁንም ያመኛል።

እንግዲህ የተረከዝ ደም ምርመራ የሚባለው ይህንን ለመቅደም የመጣ ነገር ነው። ሲወለዱ ምንም ምልክት የማይታይባቸው፣ ምልክት ሲታይባቸው ግን ጊዜው የሚያልፍባቸው በሽታዎች አሉ። ታይሮይዱ እንዲህ ያለ ነው። እናትየው በእርግዝና ጊዜ ከራሷ ሆርሞን ስለምታካፍለው ሲወለድ ደህና ይመስላል። እኔ ራሴ የወለድሽ ዕለት ባየው ላላውቀው እችላለሁ። የሚያውቀው ደሙ ብቻ ነው።

አሠራሩን ለባለቤትሽ ንገሪው። ልጁ ከተወለደ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ተረከዙ ለብ ባለ ጨርቅ ይሞቃል። የተረከዙ መሐል አይደለም የሚወጋው፣ ጎኑ ነው። የመጀመሪያው ጠብታ ይጠረጋል። ቀጣዩ ጠብታ ክብ ክብ በተሣለበት ወፍራም ወረቀት ላይ ይነካል፤ ክቡ እስኪሞላ ይጠበቃል። በዚያ ሰዓት ጡት እየጠባ ከሆነ ብዙዎቹ ትንሽ ብቻ ነጭነጭ ብለው ይተዉታል። ወረቀቱ ከፀሐይ ርቆ ተዘርግቶ ይደርቃል። ከዚያ ወደ ላብራቶሪ ይላካል። ቢሲጂ ክትባት ክንዱ ላይ ሲወጋ ባለቤትሽ ከተቀበለ፣ ይህ ከዚያ የሚብስ አይደለም።

ይህን የወረቀት ዘዴ ያመጣው ሮበርት ገትሪ የሚባል አሜሪካዊ ነው። የአእምሮ እድገት ችግር ያለበት ልጅ ነበረው፤ የሚስቱ እህት ልጅ ደግሞ ፒኬዩ የሚባል በሽታዋ ዘግይቶ ነው የታወቀላት። ፒኬዩ በምግብ ውስጥ ያለ አንድ የፕሮቲን አካል መፍጨት ያለመቻል በሽታ ነው። ቀድሞ ከታወቀ በተለየ ወተትና ምግብ አእምሮው ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ1963 ማሳቹሴትስ ምርመራውን በሕግ ግዴታ አደረገች። ሌሎቹም ግዛቶች ተከተሉ። ታይሮይዱ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካናዳ ውስጥ ከተሞከረ በኋላ ነው። ዛሬ አሜሪካ እንዲመረመሩ የሚመከሩት በሽታዎች ከ30 በላይ ናቸው። በአብዛኞቹ ግዛቶች ወላጅ በሃይማኖት ምክንያት እምቢ ማለት ይችላል እንጂ ቀድሞ ፈቃድ አይጠየቅም። እንግሊዝ ግን ሌላ መንገድ ይዛለች። የሚመረመሩት በሽታዎች በጣም ያነሱ ናቸው። አዋላጇ ቤት ድረስ መጥታ ታስረዳለች፣ ፈቃድ ትጠይቃለች። ግዴታ አይደለም። ቢሆንም እምቢ የሚል ወላጅ እጅግ ጥቂት ነው። ይሄ የኔን ሐሳብ ከቀረጹት ነገሮች አንዱ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ግዴታ ይሁን ወይ?

ይሁን። ግን ግዴታው በመንግሥትና በጤና ተቋሙ ላይ ይጣል፣ በእናት ላይ አይደለም። የተወለደ ልጅ ሁሉ ምርመራው እንዲቀርብለት፣ ውጤቱ ለወላጁ እንዲደርስ፣ የተገኘበት ልጅ መድኃኒቱን ዕድሜ ልኩን እንዲያገኝ፤ ይህ በሕግ ይጻፍ። ይህን ያላደረገ ተቋም ይጠየቅ። እናት ግን ትነገራለች፣ ትጠየቃለች፤ አይሆንም ካለች ትፈርማለች፣ በክትባት ቀኗ ደግሞ እንደገና ትጠየቃለች።

ለምን እናትን አናስገድድም? እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ፣ ጤና ተቋም ውስጥ የተወለዱት ልጆች 48 ከመቶ ነበሩ። ከግማሽ በላይ እናቶች ቤታቸው ወልደዋል ማለት ነው። እነዚህን እናቶች ወደ ጤና ጣቢያ ለማምጣት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስንት ዓመት ቤት ለቤት ዞሩ። አሁን «እዚያ ከሄድሽ ልጅሽን ሳይጠይቁሽ ይወጉታል» የሚል ወሬ ከተነዛ በአንድ ክረምት ያ ሁሉ ድካም ገደል ይገባል። ወሬ ድሬ ላይ እንዴት እንደሚሄድ ታውቂዋለሽ፤ ጠዋት መጋላ የተባለው ለምሳ ሳቢያን ይደርሳል።

በሌላ ወገን ያለውን ክርክር አልንቀውም። ጓደኛዬ የሆነ ሐኪም «ልጁ አፍ የለውም፣ አባቱ በማያውቀው ነገር አእምሮውን ይፈርድበታል?» ይለኛል። ልክ ነው። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት የሚወሰን ነገር ሁሉ የልጁን ደህንነት ያስቀድም ይላል። ስለዚህ መስመሩን የማሰምረው እዚህ ላይ ነው። ምርመራውን እምቢ ማለት ይቻል። በሽታው ከታወቀ በኋላ መድኃኒት መከልከል ግን አይቻልም። ከሁለት ሺህ እስከ አራት ሺህ ከሚወለዱ ልጆች አንዱ ነው ታይሮይዱ የሚያንሰው፤ ካልተመረመረ ልጅ ላይ አደጋው ትንሽ ነው። በውጤቱ የተረጋገጠ ልጅ ላይ ግን ጉዳቱ እርግጠኛ ነው። ያኔ ሐኪሙም ፍርድ ቤቱም ለልጁ ሊቆሙለት ይገባል።

በግድ መሥራት ምን እንደሚያስከትል ከአሜሪካም መማር ይቻላል። ቴክሳስ ውስጥ ከምርመራው የተረፈውን የሕፃናት ደም ወላጆች ሳያውቁ አስቀምጠው ለምርምር ያውሉት ነበር። ወላጆች ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2009 ስምምነት ተደርሶ አምስት ሚሊዮን የሚሆን ናሙና እንዲወገድ ተወሰነ። ምርመራው ራሱ ጥፋት አልነበረበትም፤ ያለመጠየቁ ነው ያበላሸው። እኛ አገር ሕጉ ሲጻፍ «የተረፈው ደም የት ይሄዳል» የሚለው ከመጀመሪያው ቀን መልስ ይኑረው።

ደግሞ እናትን ሳያስገድዱ ሁሉንም መመርመር እንደሚቻል እኛው ራሳችን አይተናል። ለእርግዝና ክትትል ስትሄጂ የኤችአይቪ ምርመራ አድርገሻል አይደል? ነርሷ «ይህ ምርመራ ለሁሉም እናት ይደረጋል፤ ካልፈለግሽ ንገሪኝ» ነው የምትልሽ። በዚህ አባባል እምቢ የምትል እናት ስንት እንዳየሁ ብትጠይቂኝ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የደም ወረቀቱም ለእኛ አዲስ አይደለም። ቫይረሱ በደሟ ካለባት እናት የተወለደ ልጅ በስድስት ሳምንቱ ደሙ የሚወሰደው በዚያው ዓይነት ወረቀት ላይ ነው፤ ደርቆ፣ በፖስታ ታሽጎ ላብራቶሪ ይሄዳል። ተረከዝ መውጋት የሚችሉ ነርሶች አሉን። ወረቀት ማድረቅና መላክ የሚያውቁ ሰዎች አሉን። ከባዶ አንነሣም።

የሚቸግረው ሌላ ቦታ ነው። አንደኛ ጊዜው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሁሉም ልጅ ቲኤስኤች ከፍ ይላል፤ መወለዱ ራሱ ያስነሣዋል። በተወለደ በስድስተኛው ሰዓት ደም ብንወስድ ጤነኛውን ሁሉ በሽተኛ ልንለው ነው። እናቶቻችን ደግሞ ገንፎው ቤት ይጠብቃቸዋል፣ ሌላ ልጅ ቤት ጥለው መጥተዋል፣ 24 ሰዓት አይቆዩም። ለዚህ መላ አለው። ማሌዥያ ገና ሲወለድ፣ ቲኤስኤቹ ከፍ ሳይል፣ ከእትብቱ ደም ወስዳ ነው ታይሮይዱን የምታየው። ልጁ ጭራሽ አይወጋም! ለድሬና ለሐረር እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። እናት ቸኩላ ብትሄድም ደሙ ተወስዷል፤ «ጤነኛ ልጅ ለምን ይወጋል» የሚለውም ክርክር ያበቃል።

ሁለተኛው፣ ከሁሉም የከበደው፣ ውጤቱ ሲመጣ ልጁን ማግኘት ነው። አንድ ጊዜ ውጤቷ አስቸኳይ የሆነ አራስ ለማግኘት አንድ ሙሉ ቀን ፈጅቶብናል። የጻፉልን ስልክ የባሏ ነው፤ ዝግ ነው። አድራሻው «ገንደ ቆሬ፣ ከመስጊዱ ጀርባ» ይላል። በስተመጨረሻ ያገኘቻት የሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ቤቷን ብቻ ሳይሆን እናቷ ዘንድ ልትታረስ መሄዷንም ታውቅ ነበር። ምርመራን ምርመራ የሚያደርገው ይህ ነው። ደሙ ተወስዶ ውጤቱ መሳቢያ ውስጥ ከቀረ ልጁን በከንቱ አስለቀስነው። ስለዚህ ሕጉ ላይ «ይመረመራል» ከሚለው ቃል ቀጥሎ በስንት ቀን ውስጥ፣ በማን እጅ ውጤቱ ቤት እንደሚደርስ ይጻፍ። ታይሮይድ ከሆነ ክኒኑ በሁለት ሳምንት ውስጥ መጀመር አለበት። ሦስት ስልክ ይመዝገብ፦ የእናት፣ የአባት፣ የጎረቤት።

ሦስተኛው መድኃኒቱ ነው። ሌቮታይሮክሲን ርካሽ ክኒን ነው፤ ተፈጭቶ በማንኪያ በጡት ወተት ይሰጣል። ግን አንድ ወር ከፋርማሲ ከጠፋ ሁሉም ይፈርሳል። ለዚህም ነው የአሜሪካን ዝርዝር እንዳለ እንቅዳ ከሚሉት ጋር የማልስማማው። ለፒኬዩ የሚሆነው ልዩ ወተት በሌለበት ከተማ ለእናት «ልጅሽ ይህ በሽታ አለበት፣ መድኃኒቱ ግን የለም» ማለት ጭካኔ ነው። መጀመሪያ ታይሮይድ ብቻ። በደንብ ሲሠራ ሌላው ይጨመራል። ግብፅም ሰፊውን ፕሮግራሟን የጀመረችው በታይሮይድ ነው።

በእኛ አካባቢ ታይሮይድን ለማስቀደም ሌላም ምክንያት አለ። የሐረርጌ ደጋ እናቶች አንገት ላይ እንቅርት ድሮም የታወቀ ነው። አዮዲን ያነሳት እናት የምትወልደው ልጅም ሊጎድልበት ይችላል። ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በመንግሥት ደንብ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ሆኖም በገበያ ሜዳ ላይ ክፍት ጆንያ ውስጥ ፀሐይ እየመታው የሚሸጥ ጨው ዛሬም አለ። አንቺም የታሸገውን ግዢ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሪው።

እስካሁን ስለ ደም ብቻ አወራሁ። ምንም ላብራቶሪ ሳይጠብቅ ከነገ ጀምሮ ግዴታ ሊሆን የሚችል ነገርም አለ፤ ይህን ላለማድረግ ማንም ሕግ አውጪ ምክንያት ሊሰጠኝ አይችልም። በኮቪድ ጊዜ ጣት ላይ ይሰካ የነበረውን የኦክስጅን መለኪያ ታስታውሺዋለሽ። ያው ነው፤ ለአራስ የሚሆን ገመድ ብቻ ይቀየርለታል። ከ24 ሰዓት በኋላ በልጁ ቀኝ እጅና በአንድ እግሩ ይለካል። ሁለቱም ከ95 በታች ከሆኑ፣ ወይም በእጅና በእግሩ መካከል ያለው ልዩነት ከሦስት ከበለጠ፣ ድጋሚ ሲለካም እንዲያው ከሆነ፣ ልቡ መታየት አለበት። መርፌ የለውም፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ከባድ የልብ ችግር ያለበት ልጅ ቤቱ ገብቶ በአምስተኛው ቀን ሳይጠቁር ይገኛል። ዓይኑንም በባትሪ አይቶ ቀዩ ነጸብራቅ መኖሩን ማረጋገጥ፣ ዳሌውን ማገላበጥ፣ ላንቃውን ማየት እንዲሁ። አዋላጅ ነርሶቻችን ይህን የሚያስተምራቸውና ጊዜ የሚሰጣቸው ካገኙ ይሠሩታል። የጆሮ ምርመራ ማሽኑ ውድ ነው፤ እሱ ቢዘገይ ይገባኛል። ቢሆንም ልጅሽ በሦስት ወሩ በር ሲዘጋ የማይደነግጥ ከሆነ «ሲያድግ ይሰማል» አትበዪ፣ አስመርምሪው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሴቶች ሐፍረት ይዟቸው አይነግሩንም። በዘመድ ጋብቻ የተጋባችሁ ከሆነ፣ ወይም ከዚህ በፊት በቤተሰቡ ውስጥ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሞተ ወይም እድገቱ የዘገየ ልጅ ካለ፣ ለሐኪሙ ንገሪው። ማንም አይወቅስሽም። የትኛውን ምርመራ እንደሚያስቀድም ይረዳዋል።

ባለቤትሽን ደግሞ አትከራከሪው። ይዘሽው ሂጂ። አማትሽም ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ልጁን ማን እንደሚይዘው የምታውቂው አንቺ ነሽ። ስትሄጂ የክትባት ካርዱን፣ የተወለደበትን ኪሎና ሰዓት ያዢ። በመጨረሻው ዳይፐሩ ወይም ጨርቁ ላይ ያለውን ሰገራ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ ለሐኪሙ ከብዙ ወሬ ይበልጣል። ቲኤስኤቹ ከፍ ብሎ ከተገኘ መድኃኒቱ በዚያው ቀን እንዲጀመር ጠይቂ፤ ለተጨማሪ ምርመራ ተብሎ አይቆይ። ዛሬ ማታ እየቀሰቀስሽ አጥቢው፣ ከሦስት ሰዓት በላይ አይተኛ። ጡት አልይዝ ካለ፣ ከተዝለፈለፈብሽ ወይም ሰውነቱ ከጋለ ግን ነገን አትጠብቂ፤ ባጃጅ ያዢና በሌሊት ሂጂ።